ጨው ጨው የሚለው ውሃ

በችግኝ ጣቢያው ሁለት ሴቶች ለአሥራ ሰባት ዓመት አብረው ሠርተዋል። አንደኛዋ የጣቢያው ኃላፊ ናት። እጇም አፏም ስለት ስለሆነ ሰው ሁሉ «መቀስ» ይላታል። ቅርንጫፍ ስትቆርጥ አታመነታም፤ ሰው ስትናገርም እንደዚያው። ሁለተኛዋ ውሃ አጠጪዋ ናት። እሷ ጎማ ስትይዝ ጠብታው ቅጠሉ ላይ ያርፋል እንጂ አይመታውም፤ «ጤዛ» የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው። መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስማቸውን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ በቀር የሚያስታውስ አልነበረም።

የመቀስ ባል ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ከገባ በኋላ ቤቷ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሬዲዮ ብቻ ሆነ። ስለዚህ ወሬዋን ሁሉ ለጣቢያው ታቆየዋለች። ከጤዛ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ያወራሉ፣ የጤዛን ምራት ያማሉ፣ ችግኙን ይሳደባሉ።

«ይሄ መደብ አንቺን ነው የወጣው፤ ካልተቆጡት አይነሳም» ትላለች መቀስ።

«አንቺን ቢወጣ ኖሮማ ገና ሳይበቅል ይዋጋ ነበር» ትመልሳለች ጤዛ።

ነገር የተበላሸው የድሮው ምንጭ ሲደርቅ ነው። መቀስ ጥልቅ ጉድጓድ እንዲቆፈር ለመሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሰሚ ያገኘችው በሦስተኛው ነው። ማሽን መጥቶ አሥራ አንድ ቀን መሬቱን ሲያናውጥ ሰነበተና ውሃ ወጣ። ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ የማይቋረጥ ውሃ። ያን ቀን ለልጇ ደውላ «ወጣልን!» ስትል የሰማት ሰው የልጅ ልጅ የተወለደላት ይመስለው ነበር።

ጤዛ ግን አንድ ጊዜ ተጎንጭታ አፏን አጣጣመች።

«ጨው ጨው አላለሽም?»

መቀስ ቀመሰች። «ምንም አላለኝ። ምላስሽ ነው።»

ጤዛ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ ጨው ካስተዋት ገና ሁለት ወሯ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳቦው ጨው በዛበት፣ ሾርባው ጨው በዛበት ስትል ስለምትውል ውሃው ጨው አለው ብትል ማንንም አልደነቀውም። መቀስ ለዘበኛውና ከረጢት ለሚሞሉት የቀን ሠራተኞች «ጨው ናፍቋት ነው» ብላ አወራች። ተሳቀ። ጤዛም አብራ ሳቀች።

በሁለተኛው ወር የአቮካዶው ችግኝ ቅጠል ጫፍ ጫፉን ይቃጠል ጀመር። መጀመሪያ ከሥር ያለው ያረጀ ቅጠል እሳት እንደላሰው ወረቀት ጠርዙ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ቡናማው ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ችግኙ አዲስ ቅጠል ማውጣት አቆመና እንደተኮራመተ ቀረ። የሚገርመው አፈሩ እርጥብ ነው፤ ጣት ቢሰዱበት ጭቃ ይዞ ይወጣል። ችግኙ ግን ሳምንት ሙሉ ውሃ እንዳላየ ጠውልጓል።

ጤዛ በየቀኑ አጠጪ የሚለውን ደንብ ትታ ቀን እየዘለለች ማጠጣት ያዘች።

«ውሃው ነው የሚፈጃቸው» አለች።

«ውሃ ችግኝ ሲፈጅ የት አየሽ? ይልቅ ጎማውን ያዢ።»

«እኔ እያወቅሁ መርዝ አላጠጣም።»

«እንግዲያው እንደ ፍጥርጥርሽ» አለች መቀስ፤ ነገሩን በዚያው ተወችው።

ዓመቱ ሳይገባደድ አሥራ ሁለት ሺህ ችግኝ ደረቀ። ከመሥሪያ ቤቱ የሦስት ሰዎች ኮሚቴ መጣና መሣሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሠራተኛውን አንድ በአንድ ያስጠራ ጀመር። የመቀስ ተራ ሲደርስ ስለ ዘሩ ጠየቋት፣ ስለ አፈሩ ጠየቋት፤ በመጨረሻ መካከል ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«አጠጪዋ ቀን ትዘል ነበር?»

«አዎ፣ ትዘል ነበር።»

ውሸት አልተናገረችም። ለምን ትዘል እንደነበር ግን አልተናገረችም። ጉድጓዱ የተቆፈረው በእሷ ፊርማ ነው፤ ውሃው ጥፋተኛ ከተባለ ጣት ወዴት እንደሚቀሰር አላጣችውም። «ካልጠየቁኝ ምን አስለፈለፈኝ» አለች በሆዷ። ጤዛ በዚያው ሳምንት ተሰናበተች። ጓንቷንና የሥራ ቦት ጫማዋን በፌስታል ይዛ ስትወጣ መቀስ በረንዳው ላይ ባዶ ከረጢት ትቆጥር ነበር። የእግሯን ኮቴ ሰማች፤ ኮቴው አጠገቧ ሲደርስ ቀስ ማለቱንም ሰማች። ቀና አላለችም።

በጤዛ ቦታ ሰው አልተቀጠረም። በጀት የለም ተባለ፤ የቀን ሠራተኞቹም ተቀነሱ። ዘበኛው ቀን ተኝቶ ማታ የሚገባ ሰው ስለሆነ መቀስ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻዋን ትውላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ቀላል መሰላት። ሳምንት ሲሞላ ግን ጎንበስ ባለችበት «ይቺን እይልኝማ» እያለች ዞር ማለት አመጣች። የምትዞረው ወደ ባዶ መደብ ነው። አንድ ቀን ልጇ ሲደውል ስለ አንድ የተጣመመ ጽድ አሥር ደቂቃ ሙሉ አወራችለት።

«እማ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» አላት።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። እኔም ሥራ አለብኝ።»

ስልኩን ዘግታ የተጣመመውን ጽድ ቆማ አየችው። እውነትም ያን ያህል የሚያስወራ ነገር አልነበረውም።

አዲሱን ችግኝ ራሷ አጠጣችው። በደንቡ፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳትዘል። ለኮሚቴው ብቻ ሳይሆን ለራሷም ልታረጋግጥ ፈልጋለች፤ ጥፋቱ የጤዛ ከነበረ አሁን መዳን አለበት። አልዳነም። እንዲያውም ካለፈው ቀድሞ ተቃጠለ። የከረጢቶቹ አፍ ላይ ነጭ ነገር መጋገር ጀመረ፤ በጥፍሯ ስትፍቀው እንደ ዱቄት ይረግፋል። ማዳበሪያ ነው ብላ አለፈችው። ማዳበሪያ ጨምራ እንደማታውቅ ግን ታውቃለች።

አንድ ሰሞን ድንገተኛ ዝናብ ለአራት ቀን ዘነበ። ከዘነበ ከሁለት ሳምንት በኋላ መቀስ በመሣሪያ ቤቱ ጥግ ስታልፍ እግሯ ተገታ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ የሚወርድበት አንድ ረድፍ አረንጓዴ ሆኗል። ከጎኑ ያለው ረድፍ ጠርዙ ተቃጥሎ ቆሟል፤ ይሄኛው ግን ሁለት ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቷል። አንድ ዘር፣ አንድ አፈር፣ አንድ ቀን የተዘራ። ልዩነቱ ጣሪያው ብቻ ነው።

መቀስ እዚያው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ እኩያ የሆኑ ሠላሳ የአቮካዶ ችግኞች መረጠችና በሦስት ረድፍ ደረደረቻቸው። ከጣሪያው ሥር የቆመው በርሜል በዚያ ዝናብ ሞልቶ ነበር፤ ክዳን አበጀችለት። አንደኛውን ረድፍ በዝናብ ውሃ፣ ሁለተኛውን በጉድጓድ ውሃ፣ ሦስተኛውን ሁለቱን እኩል ቀላቅላ ልታጠጣ ወሰነች። እንዳይምታታባት ነጭ፣ ቀይና ሰማያዊ ክር አሰረችባቸው። ሁሉም በአንድ ጣሳ ልክ፣ በአንድ ሰዓት ይጠጣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በልብስ ሰፊ ሜትር ቁመታቸውን ለክታ፣ ቅጠላቸውን ቆጥራ፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

ስምንት ሳምንት እንደዚህ ሆነ። አንድ ሰው አጠገቧ ቢኖር ኖሮ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል። እሷ ሜትሩን በጥርሷ ነክሳ፣ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለቱንም ሠራች። በአራተኛው ሳምንት ባለቀይ ክሮቹ ማደግ አቆሙ። በስድስተኛው የታች ቅጠላቸውን አራገፉ። በስምንተኛው ቅዳሜ ደመረችው፤ በዝናብ ውሃ ያደገው ረድፍ አንድ ለአንድ ሲታይ ወደ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ጨምሯል። የተቀላቀለው ስድስት። የጉድጓዱ ሁለት እንኳ አልሞላም፤ ከአሥሩ ሦስቱ ሞተዋል።

ደብተሩን ዘጋችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የምትለፋበትን ነገር ደርሳበታለች። እሷ ግን ያሰበችው ያንን ሳቅ ነው። ጨው ናፍቋት ነው ብላ ያሳቀችውን። ጤዛም አብራ የሳቀችውን።

ውሃውን በጠርሙስ ይዛ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዛ ወደ አፈርና ውሃ ቤተ ሙከራ ሄደች። ባለሙያዋ በዕድሜ ልጇን የምታክል ሴት ናት። የመለኪያውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ነከረች፤ ቁጥሩን አይታ መለኪያውን አጥባ ደግማ ነከረችው።

«እናቴ፣ ይሄን ለችግኝ ነው የሚያጠጡት?»

«ለችግኝ ነው።»

«ይሄ እኮ ላደገ ዛፍም ይከብዳል። ለአቮካዶ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።» ወንበር ሳበችላትና ቀስ ብላ አስረዳቻት። «ውሃው ጨው ሲኖረው ሥሩ መሳብ ያቅተዋል። እርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ ይጠማል ማለት ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ውሃው ይተናል፣ ጨው የትም አይሄድም፤ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። ባጠጡት ቁጥር ጨው እየጨመሩለት ነው።»

«ቀን እየተዘለለ ቢጠጣስ?»

«ያ ብቻውን አያድነውም። ግን የሚገባው ጨው ይቀንሳል፤ ያን ያሰበ ሰው ነገሩ ገብቶታል።» ባለሙያዋ ደብተሩን ገልጣ ረድፎቹን አየች። «ቆንጆ ሥራ ነው። መጀመሪያ የጠረጠሩት እርስዎ ነዎት?»

መቀስ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«አይደለሁም። ጓደኛዬ ናት።»

«በምን አወቀች?»

«በምላሷ።»

የቤተ ሙከራውን ወረቀት ይዛ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጁ ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ተቀበላት፣ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። ለችግኞቹ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ በቦቴ መኪና እንደሚላክ፣ ለጣሪያውም አሸንዳ እንደሚሠራ ቃል ገባ። የጤዛ ነገር ግን የተዘጋ ፋይል መሆኑን ነገራት።

«ምን ሲሆን ይከፈታል?»

«ያኔ የተሰጠው ምስክርነት ጎዶሎ ነበር የሚል ሰው ሲገኝ ነዋ።»

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ከመስጠቱ በፊት እጁን አሳረፈበት። «እትዬ፣ ይሄን ሲጽፉ በራስዎ ላይ ነው የሚጽፉት። ኃላፊነቱንም ሊያጡ ይችላሉ።»

«ኃላፊ የሆንኩት በማን ላይ ነው? እዚያ እኮ ከኔ በቀር ሰው የለም።»

ጻፈችው። ውሃው ጨው እንዳለው እንደተነገራት፣ እንዳላመነች፣ እንደሳቀች፣ ኮሚቴው ፊት እንደደበቀች፤ አንዱንም ሳታለዝብ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለጤዛ ደግሞ የመቀስን ቃል ጠቅሶ ወደ ሥራሽ ተመለሺ የሚል ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤውን እኔ ላድርስ ብላ ተቀበለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ጤዛ ከልጇና ከምራቷ ጋር የምትኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። በሩን ጤዛ ራሷ ከፈተችው። ከስታለች። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ አሁን የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ አንሶላ በሚታጠብበት ክፍል ነው።

ጤዛ ከበሩ ዞር አለችላት።

«ግቢ። ቆመሽ አትቅሪ።»

መቀስ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ደብዳቤውን ሰጠቻት። ጤዛ መነጽሯን ፈልጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ውሃው ጨው ነው» አለች መቀስ። «አስለካሁት። ልክ ነበርሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጽፌዋለሁ፣ ሁሉንም።»

«አነበብኩት።»

«ትመለሻለሽ?»

ጤዛ መነጽሯን አወለቀች። «ውሃውንማ ተይው። ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ስንት ተሳስቼ አውቃለሁ። ሥራዬን ያጣሁትም በአንቺ ብቻ አይደለም፤ ሦስት የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው ነው የወሰኑት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ያን ቀን ስወጣ በረንዳው ላይ ነበርሽ። አሥራ ሰባት ዓመት ጎን ለጎን ጎንበስ ብለን ስንሠራ ኖረን፣ አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አላየሽኝም። ብታዪኝ ኖሮ ምንም ባትይኝ እንኳ ይበቃኝ ነበር።»

አፏ ስለት የተባለላት ሴት፣ አንድ ቃል እንኳ አልመጣላትም። እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ጠረገችው፤ ሌላ መጣ።

ጤዛ ተነሥታ ውሃ ቀዳችላት። አጠገቧ ግን አልተቀመጠችም፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ከታች መንገድ ላይ ሰው መኪና ያጥባል፤ የባልዲው ድምፅ ይሰማል። ፊቷን ሳታዞር ጠየቀች።

«የግራሩ ችግኝስ? እሱም ተቃጠለ?»

«እሱ ብዙም አልተነካም።»

«እሱ ይችለዋል። የጉድጓዱን ለእሱ ስጪው፣ የዝናቡን ለአቮካዶው። ስታጠጪ ደግሞ ከላይ ከላይ አታርከፍክፊ፤ ቅጠሉ ላይ ከደረቀ ያቃጥለዋል። ቦቴው ውሃ ያመጣ ቀን ከሥሩ እስኪፈስ ድረስ አጠጪና ጨው ይጠብልሽ። መደቡን በገለባ ሸፍኚው።»

«እሺ።»

«ከረጢቱንም ከታች ብሺው። ድሮም ቀዳዳው ያንሳል ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

መቀስ ስትወጣ ጤዛ እስከ በሩ ሸኘቻት። «ደብዳቤውን አስቀምጠዋለሁ» አለች። «ስሜን ስላጠራልኝ ደስ ብሎኛል፤ ለልጄም አሳየዋለሁ። መመለሱን ግን አልችልም። እዚያ ግቢ ስገባ ልቤ ይመታል።»

መቀስ ወደ ጣቢያው ተመልሳ የተባለችውን አንድም ሳታስቀር አደረገች። አሸንዳው ተሠራ፤ ሦስት ትልልቅ ታንከሮች ቆሙ። ግራሩ ከጉድጓዱ ጠጣ፣ አቮካዶውና ጽዱ ከዝናቡና ከቦቴው። ከተቃጠለው የተረፈው ቀስ እያለ አገገመ፤ አዲስ የተዘራውም ቅጠሉ ሳይጎዳ ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እየመጡ ደብተሯን ፎቶ አነሡ፤ ሌሎች ጣቢያዎችም ጉድጓዳቸውን ያስለኩ ጀመር። እንግዶቹ ሲሄዱ ግቢው መልሶ ጭር ይላል፤ የምትሰማው የቧንቧውን ጠብታ ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ ሬዲዮውን ትከፍታለች፤ አንዳንድ ቀን ሳታዳምጠው ይመሻል።

በወር አንድ ጊዜ ለጤዛ ትደውላለች። ጤዛ ታነሣለች። ስለ ችግኙ ከጠየቀቻት ትመልሳለች፤ አጭር፣ ቁርጥ ያለ ምክር ትሰጣለች። ስለ ሌላ ነገር ስትጀምርላት «እስቲ ሥራ ልያዝ» ትላለች። መቀስም ልማዱን አወቀችው፤ ከመደወሏ በፊት የምትጠይቀውን ስለ ችግኝ የሆነ ነገር አዘጋጅታ ትደውላለች። አንዳንዴ መልሱን የምታውቀውን።

የተከላ ጊዜ ደረሰና ሁለት የጭነት መኪኖች መጡ። ዘጠኝ ሺህ ችግኝ በአንድ ቀን ተጫነ። መኪኖቹ ከወጡ በኋላ መቀስ መሣሪያ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ደወለች።

«ወጡ» አለች።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። አቮካዶው እንኳ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር።»

«ጥሩ ነው» አለች ጤዛ።

ከኋላዋ የማጠቢያ ማሽኑ ድምፅ ይሰማል። መቀስ የምትጠይቀው ሌላ የችግኝ ነገር አልነበራትም፤ ስለዚህ ዝም አለች። ጤዛም ዝም አለች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እንዲያ እንደሆኑ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዩ።

«በይ፣ አንሶላው ደርሷል» አለች ጤዛ በመጨረሻ።

«እሺ። በርቺ።»

መቀስ ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ መጥረጊያ አንሥታ ባዶ የቀሩትን መደቦች መጥረግ ጀመረች።